ጥሩ ቁጥር ያሳየን ክኒን

ልጆቼ፣ መድኃኒት ማዘዝ ለጀመራችሁት ትሮግሊታዞን ስለሚባለው የስኳር ሕመም ክኒን ልንገራችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ስሙን የምታውቁት ለፈተና ብቻ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1997 መጀመሪያ ሬዙሊን ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ እዚያው እሠራ ነበርና እኔም አዝዤዋለሁ። ደስታችን ያለ ምክንያት አልነበረም። በዓይነት 2 የስኳር ሕመም ኢንሱሊን እያለ ጡንቻና ስብ እሺ አይሉትም። ብዙዎቹ የቀድሞ ክኒኖች ቆሽትን አስጨንቀው ተጨማሪ ኢንሱሊን ያስመነጫሉ፤ ይህኛው ግን ሰውነት ያለውን እንዲቀበል ያደርጋል። በቀን አንዴ ከምግብ ጋር ይዋጣል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ኢንሱሊን ከሚወጉትም መጠኑን የቀነሱ ነበሩ።

ጉበትን እንደሚጎዳ የሚያሳየው ምልክት ግን ከፈቃዱ በፊት በተደረጉት ጥናቶች ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱት 1.9 በመቶ የሚሆኑት ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው የጉበት ኢንዛይማቸው ከመደበኛው ጣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ወጥቷል፤ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን 0.6 በመቶ ብቻ። እንግሊዝ ዓመቱ ሳያልቅ ከገበያ አወጣችው። አሜሪካ በየወሩ ጉበት ይመርመር ብላ አቆየችው።

ያ «በየወሩ» ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። የአንዳንዱ ሰው ጉበት በሁለት ምርመራ መካከል ይወድቃል። የአንዲት ታካሚዬ የሦስት ወር አማካይ ስኳር ወርዶ ወረቀቱን ደስ ብሎኝ አሳየኋት። «ዶክተር፣ ምግብ ግን አስጠልቶኛል» አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት የተሠራው የጉበት ውጤቷ ደህና ስለነበር፣ ጨጓራ ነው ብዬ ሸኘኋት። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆኖ መጣች። መድኃኒቱን አቁማ ዳነች። ያልዳኑ ነበሩ፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ።

በመጋቢት 2000 አሜሪካም አወጣችው። በ1999 የተፈቀዱት ሮሲግሊታዞንና ፒዮግሊታዞን ጉበትን እንደዚያ ሳይጎዱ ያንኑ ሥራ ይሠሩ ስለነበር፣ ለማቆየት ሰበብ አልቀረም። (እነሱም ቢሆኑ ልቡ ለደከመ ሰው አይሆኑም፤ የእነሱ ጣጣ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።)

እናንተ ምርመራ ስታዝዙ በቀጠሮዎቹ መካከል ምን እንደሚደረግም ንገሩ፦ ምግብ ካስጠላህ፣ ሽንትህ ከጠቆረ፣ ያለ ምክንያት ከደከመህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ና በሉት። ታካሚው የተናገረውንም ከምርመራው ቁጥር አጠገብ ጻፉ። የዚያች ሴት ፋይል ላይ «ምግብ አስጠልቷታል» የሚለው በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ነው የተጻፈው፤ የጨመርኩት ዓይኗን ካየሁ በኋላ ነው።