ኪንግ ካውንቲ (ዋሽንግተን ግዛት) ውስጥ ከተያዛችሁ፦ ጥያቄና መልስ

በሲያትልና በኬንት ፍርድ ቤቶች ለዓመታት አማርኛ አስተርጉሜያለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ያየሁትንና የማውቀውን እመልሳለሁ። የተከሰሳችሁበትን ነገር ግን ዘርዝራችሁ አትጻፉ። የጻፋችሁት ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

የሩት እናት፦ ልጄን ትናንት ማታ ወሰዱት። መቼ ይፈታል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ፍርድ ቤት በሚሠራበት በሚቀጥለው ቀን ዳኛ ፊት ይቀርባል። ዋስ ይጠየቃል ወይም ያለ ዋስ ይለቀቃል። ክሱ ከባድ ወንጀል ከሆነና በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተመሠረተ መልቀቅ አለባቸው። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል አይቆጠሩም። ሲደውልልሽ «ምን አድርገህ ነው?» ብለሽ እንዳትጠይቂው። የእስር ቤት ስልክ ይቀዳል። አማርኛም ይተረጎማል።

ዳዊት፦ 10 ሺህ ዶላር ዋስ ተባልን።

መልስ፦ የቦንድ ድርጅት፣ ማለትም ዋሱን በእናንተ ፈንታ የሚያስይዝ ድርጅት፣ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ይወስዳል፤ አይመለስም። ሙሉውን ለፍርድ ቤት ካስያዛችሁና ቀጠሮ ካከበረ ግን ይመለሳል።

ሾፌሩ፦ ዐቃቤ ሕግ ስምምነት አቀረበልኝ። ስርቆት ነው። ጥፋተኛ ነኝ ካልኩ በገደብ ቤቴ እገባለሁ። ግሪን ካርድ አለኝ። ልፈርም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳትጠይቅ አትፈርም! ገደቡ የሚሠራው ለካውንቲው ብቻ ነው። ኢሚግሬሽን የተገደበውንም ቅጣት ይቆጥረዋል። ስርቆት ላይ የ1 ዓመት ቅጣት ከተጻፈብህ፣ አንድ ቀን ባትታሰርም ከአገር ሊያስወጣህ ይችላል። ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 የቀላል ወንጀሎችን ጣሪያ ከ365 ቀን ወደ 364 ያወረደችው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ናት፤ ግን ቤተሰብ ታድናለች። አደንዛዥ ዕፅና የቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ደግሞ 364ም ላያድንህ ይችላል።

ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ2010 (እ.ኤ.አ.) የፓዲያ ውሳኔ ወዲህ ጠበቃህ ይህን ሊነግርህ ግዴታ አለበት። መንግሥት የመደበልህም ቢሆን። «ይህ ግሪን ካርዴን ምን ያደርገዋል?» በለው። «ችግር የለውም» ካለህ በጽሑፍ ጠይቀው።

ሌላም አለ። ዳኛው «ገብቶሃል?» ሲል የኛ ሰው ከአክብሮት የተነሣ «አዎ» ይላል። ጎኑ ቆሜ እንዳልገባው ፊቱ ላይ አያለሁ። ግን አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ስንቴ አንጀቴ አርሯል። ካልገባህ «አልገባኝም» በል። ዳኛው አይቆጣም።

ቢኒ፦ እኔም ስምምነት ቀርቦልኛል፣ ልፈርም?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ስም አይጠቀስ፦ የኔ ጉዳይ እንዴት ይታይሃል?

መልስ፦ የትኛው ጉዳይ? ምንም ሳልሰማ ምን ልበል? ጠበቃህን ጠይቅ። አቅም ከሌለህ ነጻ ጠበቃ የማግኘት መብት አለህ።

ሰላም፦ ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ ታሰረ። ይቅር ብዬዋለሁ። ክሱን ላንሣ?

መልስ፦ አትችዪም እህቴ። ከሳሹ ግዛቱ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ዳኛው «እንዳትቀርባት» ብሎ ካዘዘ፣ አንቺ ብትጠሪውም የሚታሰረው እሱ ነው። ትእዛዙን የሚያነሣው ዳኛው ብቻ ነው።

ጋሽ ተሾመ፦ ሽማግሌ ለምን ተፈጠረ? ሦስት ሰው ልከን እናስታርቃቸው እንጂ!

ማርታ፦ ጋሼ፣ ሽማግሌ ሁልጊዜ «ቻዪው» ነው የሚላት።

ጋሽ ተሾመ፦ ልጄ፣ እኔ ስንት ትዳር አቁሜያለሁ!

ማርታ፦ የቆመው በማን ትከሻ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ትእዛዙ በሰው በኩልም መገናኘትን ይከለክላል። ሽማግሌ ልኮ ዳግም የታሰረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ አትላኩ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ቢኒ፦ አንብቤያለሁ። ግን ትናንት ፈርሜያለሁ።

መልስ፦ ምነው ቀድመህ በነገርከኝ! ቅጣቱ ተወስኗል?

ቢኒ፦ የሚቀጥለው ሳምንት ነው።

መልስ፦ እንግዲያው አሁኑኑ ለጠበቃህ ደውል። «ጥፋተኛ ነኝ» ያልከውን ቃል ለማንሣት መጠየቅ ይቻላል፤ ቀላል አይደለም፣ ግን ከፍርዱ በኋላ ይብስ ይከብዳል። የፈረምከውን ወረቀት ኮፒ ይዘህ ሂድ። አማርኛ አስተርጓሚም ጠይቅ፣ በነጻ ነው።