መልስ፦ ኮዲንግ ሳላውቅ ለዳታና ፖሊሲ ማስተርስ ማመልከት እችላለሁ?

ትችላለህ። አሜሪካ ላለው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የዳታ ሳይንስ ለፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ግዴታ አይደለም። ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ ብለሃል፤ ሒሳብና ስታትስቲክስ የወሰድክባቸው ኮርሶች ይረዱሃል።

ግን እስከ ማመልከቻው ድረስ በእጅህ የሠራኸው ነገር ይኑርህ፦

1. ዳታ ለመተንተን ከሚያገለግሉት የኮዲንግ ቋንቋዎች አርን (R) ወይም ፓይተንን (Python) ምረጥ። አንዱ ይበቃል።

2. በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ጠይቅ። ነጻ ነው፤ ተመዝግበህ ምን ልትሠራበት እንዳሰብክ ትጽፋለህ።

3. ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የመቀንጨር (ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት በጣም የማጠር) መጠን አስላ። ሪፖርቱ 38 በመቶ ይላል። ያንተም እዚያው ካረፈ ዳታው ገብቶሃል ማለት ነው። ከዚያ በክልል ከፋፍለህ ለምን እንደሚለያይ አንድ ገጽ ጻፍ፤ ከሰርተፊኬት ክምር ይልቅ እሷ ገጽ ትናገርልሃለች።

አደራ፣ የናሙና ክብደቱን፣ ማለትም እያንዳንዱ የተጠየቀ ቤተሰብ በስሌቱ ውስጥ ሊኖረው የሚገባውን ድርሻ የሚያሳየውን ቁጥር፣ እንዳትረሳ። እንደ ሐረሪና ጋምቤላ ካሉ ትንንሽ ክልሎች ከሕዝባቸው ድርሻ በላይ ናሙና ስለሚወሰድ፣ ያለ ክብደት የምታወጣው አገራዊ አማካይ የተዛባ ይሆናል። በዳታው ውስጥ hv005 የሚለውን የክብደት ዓምድ ለ1,000,000 አካፍለህ ተጠቀምበት። እኔ ይህን ሳላደርግ የሠራሁትን ሠንጠረዥ ከማመልከቻዬ ጋር ልልክ ስል አንድ ጓደኛዬ ነው አይቶ ያስቆመኝ።