ከልጆች ጋር ለዕረፍት መውጣት፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

ከልጆች ጋር ለዕረፍት ስለ መውጣት የምትፈልጉትን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እናንተም አልማራችሁኝም። ሐኪም አይደለሁም፤ የጉዞ ወኪልም አይደለሁም። ሦስት ልጆች አዝዬና ጎትቼ በመኪና፣ በባቡርና በአውሮፕላን የተንከራተትኩ እናት ነኝ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሦስትና የሰባት ዓመት ልጆች አሉን። ስምንት ቀን ዕረፍት አግኝተናል። ባለቤቴ «አራት ከተማ እንይ» ይላል። ይቻላል?

መልስ፦ መቻሉስ ይቻላል። ስትመለሱ ግን ሌላ ስምንት ቀን ዕረፍት ያስፈልጋችኋል። እስቲ ቁጠሪው። አራት ከተማ ማለት መሄድ መመለሱን ጨምሮ አምስት ጊዜ መንገድ መግባት ነው። ከልጅ ጋር አንዱ መንገድ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል። ከስምንቱ ቀን ሁለት ተኩሉ አለቀ።

እኔም በመጀመሪያው ጉዟችን እንደ ባለቤትሽ ነበርኩ። ሰዓት በሰዓት የተጻፈ ዕቅድ ይዤ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሙዚየም ነበር፤ ሰዓቱ ደግሞ የትንሿ ልጄ የእንቅልፍ ሰዓት። ደረጃው ጋ ስንደርስ መሬት ላይ ተዘረጋች። አለቀሰች፣ ጫማዋን ወረወረች። ትልቁ ልጅ ጥግ ይዞ ጉንዳን ይቆጥራል። ቲኬቱ በእጄ እንዳለ ተመለስን። ዛሬ ስለዚያ ጉዞ ስጠይቀው የሚያነሳልኝ ጉንዳኖቹን ነው፤ አንዷ የብስኩት ፍርፋሪ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ።

ከዚያ ወዲህ ዕቅዴን የምሰፋው በትንሹ ልጅ እንቅልፍ ልክ ነው። ጠዋት አንድ ነገር እናያለን፤ አንድ ብቻ። ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ባዶውን ልጆቹ ራሳቸው ይሞሉታል። ለስምንት ቀን አንድ ከተማ፣ ቢበዛ ሁለት። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ካልሰማ ሻንጣውን አምስቱንም ጊዜ እሱ ይሰር።

ጥያቄ፦ ልጆቹን ዕቅድ ስናወጣ እናማክራቸው?

መልስ፦ አማክሯቸው፤ ግን «የት እንሂድ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጨረቃ ላይ ይሏችኋል። ሁለት ነገር አቅርባችሁ አንዱን አስመርጧቸው። እያንዳንዱ ልጅ «የኔ ቀን» የሚለው አንድ ቀን ካለው በወንድሙ ቀን ብዙም አያኮርፍም።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄን ብቻዬን ይዤ ወደ ውጭ ልሄድ ነው። አባቷ አይሄድም። ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ይህንን የሚያስታውሰው ኤርፖርት ከደረሰ በኋላ ነው። አባቷ መፍቀዱን የሚገልጽ፣ በሕግ ፊት የተረጋገጠ ደብዳቤ ያዢ። የልደት ምስክር ወረቀቷንም ያዢ፤ በተለይ የአንቺና የእሷ ስም በፓስፖርት ላይ የማይገናኝ ከሆነ። ሁሉም ሀገር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ግን ያለሱ አያሳልፍም። የምትሄጂበትን ሀገር ኤምባሲ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ፓስፖርቷን ዛሬውኑ ክፈቺና ቀኑን እዪ። በብዙ ሀገር የልጅ ፓስፖርት ከአዋቂው ቀድሞ ያልቃል። ብዙ ሀገሮች ደግሞ ስትገቡ ገና ስድስት ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ። «አላለቀም እኮ» ማለት አያዋጣም።

ክትባትም አለ። የቢጫ ወባ ካርድ የሚጠይቅ ሀገር ከሆነ ካርዱ የሚሠራው ከተከተበች ከ10 ቀን በኋላ ነው። አንዴ ከተከተበች ግን ለዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ከጉዞው ስድስት ሳምንት ገደማ ቀድመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። የሁሉንም ወረቀት ፎቶ ስልክሽ ላይ አስቀሪ፤ ለአባቷም ላኪለት።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ መኪና ከገባ ሃያ ደቂቃ አይሞላም፣ ያስመልሰዋል። አራት ሰዓት መንገድ አለብን። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞሽ፣ ዕድሜው ነው። መንገድ የሚያመው ልጅ በብዛት ከ2 እስከ 12 ዓመት ያለው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጆሮው ውስጥ ያለው ሚዛን «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል። ዓይኑ ደግሞ መጽሐፍ ወይም ስልክ ላይ ተተክሎ «ኧረ ቆመናል» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ሆድ ይከፍላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ታብሌቱን መቀማት ነው። ከኋላ መቀመጫ መሀል ላይ፣ ፊት ለፊት አሻግሮ መንገዱን ማየት የሚችልበት ቦታ አስቀምጪው። ሩቅ ያለ ነገር እንዲፈልግ አድርጊው። እኛ ቤት ቀይ መኪና መቁጠር ነው። መስኮት ትንሽ ክፈቱ። ከመንገድ በፊት ጥቂት ነገር ይቅመስ፤ ሆዱ ባዶም አይሁን፣ ጢምም አይበል። መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው። ካዘዘልሽ ግን መጀመሪያ ቤት ሳለሽ ሞክሪው። ያው እንቅልፍ ያመጣል የተባለው መድኃኒት አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል። አራት ሰዓት የሚዘል ልጅ ይዞ መንዳትን አይቼዋለሁ፤ አይመከርም።

ምልክቱን ደግሞ እወቂ። ሲለፈልፍ የነበረው ልጅ ድንገት ዝም ይላል። ያዛጋል። ምራቁን ቶሎ ቶሎ ይውጣል። ከንፈሩ ዙሪያ ይገረጣል። «ተመስገን፣ አርፎ ተቀመጠ» አትበዪ፤ ያኔ ነው ዳር ይዞ ማቆም። እጅሽ በሚደርስበት ቦታ ላስቲክ ከረጢት፣ እርጥብ ሶፍትና ቅያሪ ልብስ ይኑር። ቅያሪው የእሱ ብቻ አይሁን። አንድ ጊዜ የእኔን ረስቼ ሦስት ሰዓት ሙሉ በባለቤቴ ፒጃማ ተጉዣለሁ።

ጥያቄ፦ መንገዱ አጭር ነው። ሕፃኑን ታቅፌ ብቀመጥ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። መኪና ሲጋጭ የሕፃኑ ክብደት በብዙ እጥፍ ሆኖ ነው ከእጅ የሚወጣው፤ የየትኛዋም እናት ክንድ አይችለውም። ለክብደቱ የሚሆን የልጅ መቀመጫ ያስፈልጋል። ሕፃን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጣል። ከፊት ኤርባግ ካለ እንዲህ ያለው መቀመጫ በፍጹም እዚያ አይታሰርም። በየሁለት ሰዓቱ አቁሙና ከመቀመጫው አውጥታችሁ አፍታቱት። የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ለደቂቃም ትታችሁት አትሂዱ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ 10 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል።

ጥያቄ፦ ከስምንት ወር ልጄ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ልሳፈር ነው። ሰው ሁሉ በጆሮው አስፈራራኝ።

መልስ፦ ጆሮ የሚያስቸግረው ሲወጣ ሳይሆን በአብዛኛው ሲወርድ ነው። አውሮፕላኑ መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት ነው። ያኔ ጡት ወይም ጡጦ ስጪው። ሲውጥ ጆሮውና ጉሮሮውን የሚያገናኘው ቱቦ ይከፈታል። ተኝቶ ከሆነ ልብሽ ባይፈቅድም ቀስቅሺው፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሕፃን ብዙም አይውጥም። ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ካለው ግን ቀድመሽ ለሐኪም አሳዪው።

በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይገባም ይባላል፤ የሕፃን ወተት ግን በብዙ ኤርፖርቶች ይፈቀዳል። ፍተሻ ላይ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው። ለፓወር ባንክም ቦታው የእጅ ሻንጣ ነው፤ በሚጫነው ሻንጣ መላክ ክልክል ነው።

አንዲት እናት ደግሞ ልጇ ጉዞው መሀል ሁለት ዓመት እንደሚሞላው ጽፋልኛለች። ልብ በይ፦ በብዙ አየር መንገዶች ታቅፎ መሄድ የሚፈቀደው ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ነው። ሲሄድ ታቅፈሽው ሲመለስ የራሱ ወንበር ሊያስፈልገው ነው። ቲኬት ስትቆርጪ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ሻንጣ ምን ልያዝ? ዝርዝር ስጪን።

መልስ፦ ዝርዝር አልሰጥም፤ የራሴን ዝርዝር ሳየው ራሱ ያደክመኛል። ሦስት ነገር ግን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱን ቀን ልብስ ከካልሲ እስከ ሹራብ በአንድ ላስቲክ አስሩ። ጠዋት ልጁ ራሱ አንዱን ይመዛል፤ ሻንጣው አይገለባበጥም። ሁለተኛ፣ የአንድን ልጅ ልብስ በሙሉ አንድ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። የእኛ አንዱ ሻንጣ ከእኛ ሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ዳይፐሩ በሙሉ እሱ ውስጥ ነበር። ሦስተኛ፣ ልጁ ያለሱ የማይተኛው አሻንጉሊት ወይም ጨርቅ ካለ ከእጃችሁ አይለይ። ፓስፖርት ቢጠፋ ይተካል። ያቺ አንድ ጆሮዋ የተበጠሰ ጥንቸል ግን አትተካም።

ጥያቄ፦ ለድንገተኛ ሕመምስ?

መልስ፦ ቴርሞሜትር፣ ፓራሲታሞል፣ የቁስል ፕላስተር፣ ኦ አር ኤስ (በተቅማጥና በትውከት የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካው፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት)። ፓራሲታሞል የሚለካው በልጁ ክብደት ስለሆነ ከመውጣታችሁ በፊት መዝኑትና ልኩን ከሐኪም ወይም ከፋርማሲ ጠይቃችሁ ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። በሌሊት፣ በማያውቁት ክፍል፣ ልጅ እያለቀሰ ሒሳብ አይሠራም። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለልጅ አይሰጥም። የአዋቂ ተቅማጥ ማቆሚያም እንዲሁ።

ኦ አር ኤስ ከጠፋ፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። አትገምቱ፣ ለኩ፤ ጨው ሲበዛ አደጋ አለው። ቀስ እያላችሁ በማንኪያ ስጡት። አፉ ከደረቀ፣ እንባ አልባ ካለቀሰ፣ ለስድስት ሰዓት ሽንት ካልሸና፣ ወይም ከፈዘዘ ሐኪም ጋ ሩጡ።

ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ከፀሐይ የሚጠበቀው በጥላና በልብስ ነው። ከዚያ በላይ ላለው የመከላከል ቁጥሩ (SPF) 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ በየሁለት ሰዓቱ ይቀባል፤ ከውሃ ሲወጣም ይደገማል። ትንኝ ካለ አጎበር። ዲት (DEET) የሚባለው የትንኝ ማባረሪያ ያለበት ቅባት ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሆንም፤ ለትልልቆቹም እጃቸው ላይ አትቀቡ፣ ወዲያው አፋቸው ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሆቴላችን መዋኛ ገንዳ አለው። ልጆቹ ትንሽ ትንሽ ይዋኛሉ።

መልስ፦ «ትንሽ ትንሽ» የሚለው ነው የሚያስፈራኝ። ውሃ የሚወስደው ልጅ እንደ ፊልም አይጮህም፣ እጁን አያወራጭም። ዝም ብሎ ይሰምጣል። ትንሽ ልጅ ከሆነ እጃችሁን ስትዘረጉ የምትነኩት ርቀት ላይ ሁኑ። ብዙ አዋቂ ሲኖር ደግሞ ሁሉም «እገሌ እያየ ነው» ይላል፣ ማንም አያይም። እኛ ተራ አለን። ተረኛው ኮፍያ ያደርጋል፣ ስልኩን ለሌላው ይሰጣል። ኮፍያውን ሌላ ሰው ላይ ሳይደፋ ከቦታው አይነሳም። ክፍላችሁ ስትገቡም ሻንጣ ከመፍታታችሁ በፊት በረንዳውን፣ መስኮቱንና የቧንቧውን ሙቅ ውሃ እዩ።

ጥያቄ፦ ሰው በበዛበት ቦታ ልጅ ቢጠፋብኝስ?

መልስ፦ ጠዋት ከክፍል ስትወጡ ፎቶ አንሷቸው። «ምን ለብሶ ነበር?» ሲባል አእምሮ ባዶ ይሆናል፤ ፎቶው ይመልሳል። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ለልጁ ደግሞ አንድ ነገር አስተምሩት፦ ከጠፋህ ቁም፣ እኛ እንመጣለን። እሱም እኛም ስንዟዟር ነው የምንተላለፈው።

ጥያቄ፦ ስክሪን ልከልክል ወይስ ልፍቀድ?

መልስ፦ የመኪና ሕመም ከሌለበት ፍቀጂ። ግን ገና ከቤት ሳትወጡ አታውጪው፤ ለክፉ ሰዓት ይቆይ። ካርቱኑን ቀድመሽ ዳውንሎድ አድርጊ። ማዳመጫም ያዢ፤ የባቡሩ ሰው ምን አጠፋ?

ጥያቄ፦ አማቴ አብረውን ሊሄዱ ነው። ደስ ብሎኛል፣ ግን ፈራሁም።

መልስ፦ ከመውጣታችሁ በፊት እሳቸው ማየት የሚፈልጉትን ጠይቂያቸው። ብዙ ጊዜ አያት የሚጋበዙት ልጅ ጠባቂ ሆነው ነው፤ ይህን ደግሞ እሳቸው ቀድመው ያውቁታል። አንድ ማታ ልጆቹን ቢይዙላችሁ፣ በማግስቱ ጠዋት እሳቸው ይረፉ። ክፍላቸው ደረጃ የማይበዛበት ይሁን።

ጥያቄ፦ የአሥራ አራት ዓመት ልጄ «አልሄድም» ብሎ ተጣብቋል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥራ ስጠው። ካርታውን እሱ ይያዝ፣ መንገዱን እሱ ይምራ። ሲሳሳት ዝም በለው። ጠዋት ደግሞ ይተኛ፤ ሁሉም በ12 ሰዓት መነሳት የለበትም። ፎቶ ላይ ፈገግ በል ብለህ አትነዝንዘው።

ጥያቄ፦ እሑድ ማታ ተመልሰን ሰኞ ትምህርት አለ። ያስኬዳል?

መልስ፦ ቅዳሜ ግቡ። የአንድ ቀን ዕረፍት ይቀነስባችኋል፣ አዎ። ግን ልብስ ይታጠባል፣ ልጆቹ በራሳቸው አልጋ አንድ ሌሊት ያድራሉ። የሰዓት ልዩነት ያለበት ሀገር ከሄዳችሁ እንዲያውም አንድ ቀን አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ የአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ወደ ብርሃን አውጧቸው፣ ቶሎ ይስተካከላሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ አልጋውን አንጥፋችሁ፣ የደንብ ልብሱን ተኩሳችሁ ስቀሉ። እኔ ይህን ረስቼ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የመኪናውን ሻንጣ በስልክ መብራት እየፈተሽኩ አንድ የትምህርት ቤት ጫማ ስፈልግ አድሬያለሁ። ግራው ተገኝቷል።