የእናትህን ምግብ ቤት ከመረከብህ በፊት

ከደብረ ብርሃን የጻፍክልኝ ልጄ፣ «የእናቴን ምግብ ቤት ልረከብ ወይስ ባንክ ልቀጠር?» ብለሃል። ጥያቄህ እንቅልፍ ነሳኝ።

የእኛ ቤት ደብረ ሲና፣ መንገድ ዳር ነበር። የደሴ አውቶብስ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ እላይ ይቀራል፤ ተሳፋሪው ይርበዋል። እናቴ የሞተሩን ድምፅ ለይታ ድስቷን ትጥዳለች። ረቡዕና ዓርብ ሽሮና ምስር ነው። ሾፌርና ረዳት አይከፍሉም፤ መኪናውን እኛ በር ላይ የሚያቆሙት እነሱ ናቸዋ! የቆሎ ሻጮቹ ጫጫታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በ1967 የትርፍ ቤት አዋጅ ሲመጣ የምታከራየው ቤት ተወረሰ፤ ምግብ ቤቱ ግን ተረፈ። እኔ ሕግ የተማርኩት በዚያ ሽሮ ነው።

እህቴ ጓዳ ቀረች። ሊጡን የምታቦካው፣ በርበሬውን የምትቀነጥሰው፣ የዱቤ ደብተሩን የምትይዘው እሷ ነበረች። ደመወዝ የለም። «የቤት ልጅ ደሞ ምን ደመወዝ ትላለች?» ይባል ነበር። እናታችን ሳትናዘዝ አረፈች። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ወንድሞቼ ድርሻችን በገንዘብ ይሁንልን አሉ። እህቴ የእነሱን ድርሻ የምትገዛበት አቅም ከየት ታምጣ? ቤቱ ተሸጠ። ጓዳውን ረግጠው ከማያውቁት እኩል ደረሳት። ጠበቃ ነኝ፤ አንቀጹን ባገላብጠውም እንከን አላገኘሁበትም። በርክክቡ ዕለት የዱቤ ደብተሩን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። «ይሄንንም ተካፈሉት» አለች። ካልተከፈለው የተከፈለው ያንስ ነበር። ማንም አላነሳውም።

የዛሬ ልጆች ጭስ አትወዱም። ምግብ ቤት ስትከፍቱ የምታስቡት ሶፋና መብራት ነው። እኔም ከዚያው ጭስ የሸሸሁ ነኝና ብዙ ባልፈርድ ይሻላል።

ስለ ንጽህናና ስለ ንግድ ፈቃድ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። ወረቀቱን ግን እናትህ በሕይወት እያለች ጨርሱ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። የንግድ ማኅበር ይሻለናል ካላችሁም መልካም፤ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ ለአንድ ሰው እንኳ ይፈቅዳል። እኔ ግን ጓዳ የምትውለው ሰው ድርሻዋ በስሟ ይጻፍ ባይ ነኝ። «በቤተሰብ መሀል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የሚልህን አትስማው።

ባንኩን ከወደድክ ግባ፤ የወር ደመወዝ አይጠላም። ብቻ ደብዳቤህ ላይ ወጡን ማን እንደሚሠራው አልጻፍክም። እህት ካለችህ መጀመሪያ እሷን ጠይቃትና መልሰህ ጻፍልኝ።