ለእህታችን ጥያቄ፦ በኮቪድ ጊዜ የመንግሥት ገንዘብ ለማን፣ በምን ሂሳብ ደረሰ?

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽን አነበብኩት። ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ ሬስቶራንት ከከፈትሽ 2 ዓመት ሆኖሻል፤ በኮቪድ ጊዜ መንግሥት ለንግድ ቤቶች «ነጻ ገንዘብ» አደለ ሲባል ትሰሚያለሽ፤ እንዲያ ያለ ክፉ ቀን ደግሞ ቢመጣ ምን ይዘሽ መጠበቅ እንዳለብሽ፣ «እርዳታ አወጣልሻለሁ፣ 10 በመቶ ትሰጪኛለሽ» የሚለውን ሰው ማመን ይገባሽ እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔ ያንን ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ ምግብ ቤት ይዤ አልፌዋለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሰዉ «ነጻ ገንዘብ» እያለ በአንድ ስም የሚጠራው ለየቅል የሆኑ ነገሮችን ነው። ዋናው ፒፒፒ የሚባለው፣ ለሠራተኛ ደሞዝ መክፈያ የተሰጠው ብድር ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2020 ተፈረመ፣ ኤፕሪል 3 ማመልከቻ ተከፈተ፣ ኤፕሪል 16 ላይ 349 ቢሊዮን ዶላሩ አለቀ። በ13 ቀን! እኔ ሂሳቤን የማንቀሳቅስበት ትልቅ ባንክ «ወረፋ ላይ ነህ» እያለ ሲያቆየኝ ያ ገንዘብ አመለጠኝ። ኮንግረስ እንደገና ገንዘብ ሲጨምር ግን አንድ አነስተኛ የሰፈር አበዳሪ ወረቀቴን ተቀብሎ በአጭር ጊዜ ጨረሰልኝ። ስለዚህ ዛሬ፣ ምንም ሳይቸግርሽ፣ በስም የሚያውቅሽ አንድ ትንሽ ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን ይኑርሽ። ችግር ከመጣ በኋላ አዲስ ደንበኛ የሚቀበል ብዙ አልነበረም።

ፒፒፒ በወረቀት ላይ 1 በመቶ ወለድ ያለው ብድር ነበር። ገንዘቡን ለሠራተኛ ደሞዝ፣ ለኪራይና ለመብራት ካዋልሽው፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው ለደሞዝ ከሄደ፣ አመልክተሽ ይሰረዝልሽ ነበር። ካላመለከትሽ ግን ዕዳ ሆኖ ይቀጥል ነበር። ገንዘቡን ወስደው የማሰረዣውን ፎርም ሳይሞሉ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ኋላ ደብዳቤ ሲመጣባቸው ደነገጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የገንዘቡ መጠን የሚሰላው በችግርሽ ልክ አልነበረም፤ ለታክስ ባስገባሽው ወረቀት ልክ ነበር። የአንድ ሬስቶራንት የወር ፔሮል፣ ማለት በወረቀት ተመዝግቦ የሚከፈለው የሠራተኛ ደሞዝ፣ በአማካይ 8,000 ዶላር ከሆነ፣ ሲባዛ በ2.5፣ 20,000 ዶላር ያገኛል። በ2021 በመጣው ሁለተኛ ብድር ደግሞ ለሬስቶራንቶች በ3.5 ስለተባዛ 28,000 ይሆናል። ለሠራተኛው የተመዘገበ ቲፕም በደሞዝ ይቆጠር ነበር። ግማሹን ሠራተኛ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ቤት ግን ስድስት ሰው እያሠራ በወረቀት ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው። ብድሩም የሁለት ሰው ነው።

ይህን የምልሽ ለመፍረድ አይደለም፤ በብዙ የሀበሻ ቤቶች እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያሳዝነኝ ግን ሠራተኛዋ ናት። ለዓመታት በጥሬ ገንዘብ ሲከፈላት የኖረች ምግብ አብሳይ በሩ ሲዘጋ ለሥራ አጥ ክፍያ የምታሳየው የደሞዝ ወረቀት አልነበራትም። በየሳምንቱ ጥቂት ታክስ ተርፎላት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ክረምት ግን የቤት ኪራይዋን የከፈሉላት ዘመዶቿ ናቸው። እባክሽ እህቴ፣ ሠራተኞችሽን በፔሮል አስገቢያቸው።

ለብቻቸው የሚሠሩትም፣ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞቻችን፣ ያው ሂሳብ ነበር የገጠማቸው። እንበል አንድ ሹፌር በዓመት 60,000 ዶላር አስገብቶ፣ ቤንዚኑን፣ ጥገናውንና ሌላውን የመኪና ወጪ ሁሉ ቀንሶ በስኬጁል ሲ፣ ለብቻው የሚሠራ ሰው በሚሞላው የታክስ ፎርም፣ ላይ የተጣራ ትርፉ 12,000 ብቻ ሆነ። በመጀመሪያው ደንብ የሚሰላው በተጣራው ነበርና የወሩ 1,000፣ ሲባዛ በ2.5፣ 2,500 ዶላር ብቻ ይደርሰዋል። በማርች 2021 ደንቡ ተለውጦ በጠቅላላ ገቢ ማስላት ሲፈቀድ የዚያው ሰው 12,500 ሆነ። ቀድሞ የተፈቀደለት ግን እንደገና ይሰላልኝ ማለት አልቻለም። ወጪን መቀነስ ሕጋዊ መብት ነው፤ ነገር ግን አካውንታንትሽ ትርፍሽን ወደ ዜሮ ሲያወርደው ባንክም መንግሥትም ያንን ዜሮ እንደሚያዩት አስቢ።

ሁለተኛው ኤስቢኤ፣ የአነስተኛ ንግዶች የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በቀጥታ የሰጠው ኢአይዲኤል የሚባለው የአደጋ ጊዜ ብድር ነው። ይህ ቁርጥ ያለ ብድር ነው፤ መሰረዝ የሚባል ነገር የለውም። ወለዱ 3.75 በመቶ፣ ዘመኑ 30 ዓመት። 150,000 የወሰደ ሰው በወር 731 ዶላር ነው የሚከፍለው፤ ቀላል ይመስላል። ክፍያው ለ30 ወር ሲዘገይ ግን ወለዱ አልቆመም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ 14,000 ዶላር ተጠራቅሟል። መክፈል ሲጀምር መጀመሪያ የሚሄደው ለዚያ ወለድ ስለሆነ፣ ዋናው ብድር ሳይነካ ከ4 ዓመት በላይ ይከፍላል። ይህን ሳያውቁ «ሁለት ዓመት ከፈልኩ፣ ዕዳዬ ለምን አይቀንስም?» ብለው የሚጨነቁ ብዙ ናቸው።

ከ25,000 በላይ ከሆነ የንግድ ቤቱ ዕቃ መያዣ ይሆን ነበር፤ የንግድ ቤቱን ልሽጥ ስትዪ ገዢው ያንን መያዣ ያገኘዋል። ከ200,000 በላይ ደግሞ የግል ዋስትና ያስፈርም ነበር። በራስሽ ስም የምትነግጂ ከሆነ፣ ማለት ኤልኤልሲ ወይም ኮርፖሬሽን የሚባል፣ ከአንቺ የተለየ ድርጅት ከሌለሽ፣ ዋስትና ባትፈርሚም ዕዳው ያንቺው ነው። ክፍያ ካቋረጥሽ ጉዳዩ ወደ ግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ትሬዠሪ፣ ይተላለፋል፤ የማስከፈያ ወጪ ተጨምሮበት ከታክስ ተመላሽሽ እስከ መቁረጥ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ብድር አትውሰጂ አልልሽም፤ እኔም ወስጄ በሬን ክፍት ያቆየልኝ እሱ ነው። ግን ገበያው በሦስት ወር ባይመለስ ከምን እንደምትከፍዪው አስልተሽ ውሰጂ።

እውነተኛው ስጦታ በ2021 የመጣው የሬስቶራንቶች ፈንድ ነበር፤ 28.6 ቢሊዮን ዶላር። ሜይ 3 ተከፈተ፣ ካመለከተው ሰው የበዛው ሳይደርሰው አለቀ። የደረሳቸው ተረፉ፣ ያልደረሳቸው ዕቁብና ዘመድ ላይ ወደቁ።

ስለ ሰውዬው፦ አይሆንም። ኤስቢኤ ለማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በፒፒፒም ወኪል ድርሻውን የሚያገኘው ከአበዳሪው እንጂ ከተበዳሪው ገንዘብ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች ድርሻቸው እንዲበዛ የሌለ ሠራተኛና የሌለ ገቢ ይጽፋሉ፤ ፊርማው ግን ያንቺ ነው። በኦገስት 2022 የወጣው ሕግ በፒፒፒና በኢአይዲኤል ማጭበርበር የሚከሰስበትን ጊዜ 10 ዓመት አድርጎታል፤ ገና የሚጠየቁ አሉ። ወረቀት የሚያግዝሽ ከፈለግሽ ኤስቢዲሲና ስኮር የሚባሉ የአነስተኛ ንግድ አማካሪዎች በነጻ ያማክራሉ። አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትም፣ ኢሲዲሲ የምንለው፣ ለአነስተኛ ነጋዴ የሚያበድር ክፍል አለው።

ለሰውዬው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን ወይም የባንክ መግቢያሽን ሰጥተሽው ከሆነ ዛሬውኑ የይለፍ ቃልሽን ቀይሪ፣ ማንም በስምሽ እንዳይበደር ክሬዲትሽንም በሦስቱም የክሬዲት መዝጋቢ ቢሮዎች አዘጊው፤ ክፍያ የለውም።