ስማርት ያልሆነ ቲቪ ለእናትህ

ለእናትህ ስማርት ያልሆነ፣ ማለትም ኢንተርኔትና አፕ የሌለው ቲቪ እየፈለግክ ከሆነ፣ 32 ኢንች ከበቃቸው አትጨነቅ፤ በዚህ መጠን ስማርት ያልሆነ ቲቪ አሁንም አለ፣ መርካቶ ገብተህ «ኖርማል ኤልኢዲ» ብለህ ጠይቅ። 43 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ገበያው ላይ ያለው ከሞላ ጎደል ስማርት ስለሆነ እግርህን አታድክም።

ሻጩ «ኖርማል ነው» ስላለ ብቻ ብር እንዳትቆጥር። ሪሞቱን እይ። የዩቲዩብ ወይም የኔትፍሊክስ ቁልፍ ካለው ስማርት ነው።

ትልቅ ካልሆነ አልፈልግም ካሉ ደግሞ እንዲህ አድርግ፦

1. ስማርቱን ግዛና መጀመሪያ ሲበራ ዋይፋይ ሲጠይቅህ ዝለለው።
2. የዲሹን ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ገመድ ቲቪው ላይ ሰካ።
3. ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ቲቪው ሲበራ ቀጥታ ወደ ኤችዲኤምአይ፣ ማለትም ወደ ዲሹ እንዲሄድ አድርገው። ይሄ ሁሉም ቲቪ ላይ የለም፣ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ አስከፍተህ ሞክረው። ከተስተካከለ እናትህ አፕ የሚባል ነገር ሳያዩ በዲሹ ሪሞት ብቻ ቻናል ይቀያይራሉ።

«ኮምፒውተር ሞኒተር ግዛላቸው» የሚልህ ሰው አይጠፋም። እንዳትሰማው። ብዙው ሞኒተር ስፒከር የለውም። እኛ ቤት ተሞክሮ ስፒከሩን ለብቻ ማብራት የሚያስታውስ ጠፋ፣ ዜና በተጀመረ ቁጥር «ድምፁ የት ሄደ?» የሚል ስልክ ሥራ ቦታ ድረስ ይመጣልሃል።