በላስቲክ የታፈነ ጣውላ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የአናጺው መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ግቢያችን ውስጥ የነበረ ትልቅ ዛፍ ተቆርጦ 14 ጣውላ ወጣው። ውፍረታቸው 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ዝናብ እንዳይነካቸው ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ መጋዘን ውስጥ መሬቱ ላይ ደረደርኳቸው። በ4ኛው ወር ስገልጠው ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታ ወርሶታል። ጫፍ ጫፉም ተሰነጣጥቋል። ጠረጴዛ ላሠራበት ነበር ሐሳቤ። አለቀለት ማለት ነው?

መልስ፦ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አላለቀለትም። ግን «ላስቲክ» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ራሴን ያዝኩ።

ብዙ ሰው የእንጨት ጠላት ዝናብ ብቻ ይመስለዋል። ከግንድ አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላ እኮ ውሃውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ እርጥብ እንጨት የተሸከመው ውሃ ከራሱ ከደረቁ እንጨት ክብደት ይበልጣል። ያ ውሃ ሊወጣ ሲል አንቺ በሩን ዘጋሽበት። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ እስከሆነ ድረስ ሻጋታም፣ እንጨት የሚያበሰብስ ፈንገስም እንደልባቸው ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ሥራቸውን ያቆማሉ።

የጫፎቹ ነገር ሌላ ነው። ልገምት፦ ላስቲኩ አጥሮሽ ጫፎቹ ውጭ ቀርተው ነበር፣ አይደል? እንጨትን እንደታሰረ የቀጫጭን ቱቦ ክምር አስቢው። ውሃው በጎን ከሚወጣው ይልቅ በጫፍ በኩል ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል። ጫፉ ደርቆ ሊኮማተር ሲል መሃሉ ገና እርጥብ ስለሆነ አይከተለውም። ስለዚህ ጫፉ ይቀደዳል። ግንዱ ጣውላ ሆኖ በተሰነጠቀ ዕለት ጫፎቹን ወፈር ያለ ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ብትቀቢ ኖሮ ይህ ባልመጣ። አሁንም ቀቢው፣ ስንጥቁ እንዳይገፋ ያግዛል። የተሰነጠቀውን በኋላ ቆርጠሽ ትጥይዋለሽ።

ሻጋታውን ውጭ አውጥተሽ፣ አፍንጫሽን ሸፍነሽ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊ። ከዚያ በቢላ ጫፍ እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አድርጊው። ቢላው ካልገባ ጉዳቱ መልክ ላይ ነው፤ መላጊያ አብዛኛውን ያነሣዋል። እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ካስገባው ያ ጣውላ በስብሷል፣ አትልፊበት።

አሁን ድርደራው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ፈልጊ። ከመሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ብሎኬት ደርድሪ፤ የብሎኬቶቹ አናት እኩል ይሁን። በየጣውላው መሃል 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው መለያያ እንጨቶች በየ40 ወይም በየ50 ሴንቲ ሜትሩ አስገቢ። መለያያው ራሱ ደረቅ ካልሆነ ጣውላው ላይ መስመር ያትምበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የላይኛው መለያያ በትክክል ከታችኛው አናት ላይ ይረፍ። ትንሽ ፈቀቅ ካለ ክብደቱ ጣውላውን እዚያ ቦታ ላይ ያጎብጠዋል፣ ጎብጦ ከደረቀ ደግሞ እንደጎበጠ ይቀራል። እኔ ዘወትር በአንድ ዓይኔ አነጣጥሬ ነው የማየው። አናቱ ላይ ከባድ ነገር ጫኚበት። ከላይ ቆርቆሮ ይበቃዋል፤ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ።

እስከ መቼ? የቆየው የአናጺዎች ስሌት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 1 ዓመት ይላል። ላንቺ 2 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ቀለል ያለ እንጨት ይፈጥናል፣ ጠንካራው ይዘገያል።

«ስነካው ደርቋል» እንዳትይኝ ብቻ። ሥራ በጀመርኩ በ2ኛው ዓመት እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ፊቱን ስዳብሰው ደረቅ ነው፤ ሆዱን ማን አየለት! ሰፊ ጠረጴዛ ሠራሁና ዙሪያውን በኮላና በቪቴ ጠረቅሁት። በ3ኛው ወር ደንበኛዬ «ሌሊት ተኩስ መስሎን ተነሣን» ብለው አስጠሩኝ። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል፣ በስንጥቁ ሳንቲም ይገባል። ገንዘባቸውን መለስኩ። ሳንቃውን ግን እስከ ዛሬ ሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የማምነው ሚዛን ነው። ከጣውላው ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለሽ ትንሽ ቁራጭ አውጪ። መዝኚና ክብደቱን ራሱ ቁራጩ ላይ በእርሳስ ጻፊ። ከዚያ 103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቂው። መጀመሪያ 320 ግራም፣ ሲደርቅ 260 ከሆነ ልዩነቱ 60 ነው። 60ን ለ260 ስታካፍዪ 23 በመቶ። ገና ነው! ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 በመቶ ይፈልጋል። ደጅ ያለ ክምር ብቻውን እዚያ ላይደርስ ስለሚችል ከመሥራትሽ በፊት ጥቂት ሳምንታት ክፍል ውስጥ አሳድሪው። ያኔም ቢሆን መለያያዎቹን አታውጪ።

ጥያቄ፦ ያከማቸሁት እንጨት ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ይራገፋል። ምስጥ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም ወንድሜ። ምስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት የጭቃ መሿለኪያ እየሠራ ነው የሚወጣው፤ እንዲህ ያለ ዱቄትም አይረጭም። ያንተ እንጨት የሚበላ ጥንዚዛ ነው፤ ብዙ ሰው ነቀዝ ይለዋል። ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ይወዳል፣ ስታርች ስላለበት። ዱቄቱን ጠርገህ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፍ። ከሳምንታት በኋላ አዲስ ዱቄት ካየህ በሕይወት አለ፤ ያን እንጨት ቶሎ ከሌላው ለየው። ሙቀት ይገድለዋል። ከአገር አገር የሚሄድ ዕቃ የሚታሸግበት እንጨት እስከ መሃሉ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅ የሚደረገውም ለተባይ ነው። ማድረቂያ ያለው የእንጨት ፋብሪካ ካገኘህ ጠይቃቸው። ላዩን ብቻ ቀለም መቀባት ግን ውስጥ ያለውን አይነካውም።

ጥያቄ፦ ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማስቀመጥ ችግር አለው?

መልስ፦ ለሁለት ቀን ምንም አይልም። ለወራት ከሆነ ግን መሃሉ ይጎብጣል። ከወለሉ ከፍ አድርገህ ቢያንስ 3 ድጋፍ ላይ አስተኛው፤ አንዱ መሃል ላይ ይሁን።